ጨርቁና ጎማው

«ንገረኝ! ምኑን ነው የነካካኸው?»

ሬድዋን ሦስተኛውን ቡጢ ሲያሳርፍበት የሙኒር አፍ ደም ሞላ። ሰኮሩ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። «ማሎ! ማሎ!» እያለ ይለምናል ከሩቅ፤ ጠጋ የሚል ግን የለም።

«ወላሂ አልነካሁትም!»

«ዳግማዊ እዚያ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል፤ አንተ ወላሂ ትላለህ?»

ሦስቱም አይለያዩም ነበር። ዳግማዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ ሬድዋንና ሙኒር ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥለው ጅማ መናኸሪያ ሲራወጡ ያደጉ። ግድቡ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ሁለት ካይት፣ በገመድ የሚያዝ በራሪ የንፋስ ሸራ፣ ለዳግማዊ ትቶለት ሄደ። ውሃ ላይ ሳንቃ ረግጠህ የሚጎትትህ ዓይነት ነው። አንደኛው ጠርዙ እንደ መኪና ጎማ በፓምፕ ይነፋል፤ «ጎማው» አሉት። ሌላው ፓምፕ አያውቅም። ፊቱ ላይ በተደረደሩት አፎቹ ራሱ ንፋስ እየጠጣ ያብጣል፤ «ጨርቁ» አሉት።

የግቤ ግድብ ንፋስ ሰነፍ ነው። ጠቡም የመጣው ከዚህ ነው።

«ጎማው ከባድ ነው አቦ!» ይላል ሬድዋን። «በዚህ ንፋስ አይነሳም። ጨርቁን ግን ብታስነጥስም ይነሳልሃል።»

«ተነስቶስ? ውሃ ላይ ሲወድቅ የራሰ ብርድ ልብስ ነው። ጎማው ይንሳፈፋል፤ ቅርጹንም አይለቅም» ይላል ሙኒር።

ትናንት በዚሁ ነገር አንገት ለአንገት ተናንቀው የገላገላቸው ዳግማዊ ነው። «በቃ፣ ነገ ሁለቱንም ሞክሬ እፈርዳለሁ» አላቸው። ሙኒር ሲሄድ ሬድዋን ላይ ጣቱን ቀስሮ፦ «ነገ ያ ጨርቅህ ጉድ ይሠራሃል! ያኔ ታየኛለህ» አለ።

ጠዋት ከሬድዋን አከራይ፣ ከእትዬ ሸዋረገጥ ልብስ ስፌት ቤት የጨርቁን ቦርሳ ተሸክሞ የወጣው ሙኒር ነው። ሰኮሩ እስኪደርሱ ሚኒባስ ውስጥ አቅፎት የተቀመጠ እሱ። ገመዱን የዘረጋም እሱ።

መጀመሪያ ጎማውን ሞከሩ። ሙኒር ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ነፋው። ጎማው ብድግ አለና ውሃው ላይ በግንባሩ ተደፋ።

«ጎሚስታ ጥሩለት!» ብሎ ሬድዋን ሳቀ።

ተራው የጨርቁ ሆነ። ሬድዋን ከዳግማዊ ጋር ውሃው ውስጥ ቆሟል። ሙኒር ዳር ላይ ጨርቁን አንስቶ ለቀቀው። ቀኝ ጎኑ እንደ እንቁራሪት ጉንጭ አበጠ፤ ግራው እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ካይቱ ተንሻፎ ወጣ፣ ተሽከረከረ፣ አሁንም ተሽከረከረ። የዳግማዊ ወገብ ከገመዱ ጋር ታስሯል። ገመዱ መንጭቆ ወሰደው፤ ከውሃው ብቅ ካለ ደረቅ ግንድ ጋር ሲያላትመው የተሰማው ድምፅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። እንጨቱ ግን አልተሰበረም።

ዓሣ አጥማጁ ፈየራ በጀልባ ደርሶ ሲያወጣው አንገቱ አልቆም አለ። ጨርቁም እዚያው ግንዱ ላይ ተበጣጥሶ ቀረ።

«ግራውን ምን አደረግኸው?» አለ ሬድዋን አሁን፣ ሙኒርን በኮሌታው ግድግዳው ላይ አጣብቆ።

«ያንተን ጨርቅ እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ዲሲ፣ ተወኝ ሬድዋን፣ እኔም ወንድሜ ነው የሞተብኝ!»

«ጉድ ይሠራሃል ብለህ አልነበር? ይኸው ሠራኝ!»

ድንጋይ አነሳ። ፈየራ እጁን ሊይዘው ሮጠ፤ አልደረሰም። ሙኒር ዓይኑን በሁለት እጁ ይዞ ተደፋ። በጣቶቹ መካከል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አልማለም።

ሬድዋን ፖሊስ ሳይመጣ በአንድ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ጅማ ገባ። ሰፈሩ ጊንጆ ጉዱሩ ሲደርስ እትዬ ሸዋረገጥ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ሱሪ ያሳጥራሉ። ቀና አላሉም፤ ደም የነካውን እጁንም አላዩትም።

«እትዬ፣ ልብሴን ልውሰድ። አገር ልለቅ ነው።»

«ደግሞ ምን ሆንክ? ይልቅ ያን ቦርሳ ይዘኸው መጣህ? ማታ የተበጠሰ ማንገቻውን ስሰፋልህ፣ ውስጥ ያለው ጨርቅ ፊቱ በሙሉ አፉን ከፍቶ አየሁትና ስፌቱ የተተረተረ መስሎኝ አላስችል አለኝ፤ ከግራ ጀምሬ በራሱ ቀለም ክር እየደፈንኩልህ ግማሹ ላይ መብራት ሄደብኝ እንጂ። በል የቀረውን አምጣልኝና ልጨርስልህ፣ ልጄ።»