የለችም

የሆቴሉን የእንግዳ መቀበያ ሥራ ለማግኘት የቀረኝ የእንግሊዝኛው ፈተና ብቻ ነበር። ቲቸር አብነት የቪአር መነጽሩን ይዞ መጣና፣ "ሻሹን ፍቺው፣ ማሰሪያው አይገባም" አለኝ።

"ከላዩ እሰረው ቲቸር፤ ጭንቅላቴ እንደሆነ ምንም አይሰማውም።"

መነጽሩ ውስጥ ቢሮ አለ። አንድ ከረባታም ፈረንጅ ፊቴ ተገትሮ ሥራ አስኪያጇን አሁኑኑ አገናኚኝ ይላል።

"አሁን የለችም፤ መልእክት ካለዎት ልቀበል?" አልኩት በእንግሊዝኛ።

ጮኸብኝ። ደገምኩለት። ጠረጴዛውን ደበደበው። እንደገና ደገምኩለት፤ ድምፄ ንቅንቅ አላለም።

"አንቺ ልጅ፣ አለፍሽ!" አለ ቲቸር መነጽሩን እያወለቀልኝ። "ሌሎቹ እኮ እሱ ሲጮህባቸው አፋቸው ይተሳሰራል። እንዲህ መረጋጋት ከየት ተማርሽ?"

"ቤት እለማመዳለሁ" አልኩት።

ወዲያው ቦርሳዬ ውስጥ የእማዬ ስልክ ጮኸ። የእማዬ እህት ናት፣ ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ እታለም።

"እህቴን አገናኚኝ እስቲ፣ ምነው ድምጿ ጠፋ?"

"አሁን የለችም እታለም። መልእክት ካለሽ ልቀበል?"

"አንቺ ደግሞ ሴክሬተሪዋ ሆነሽ አረፍሽው!" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩላት። የእማዬን መርዶ የምትሰማው ለፋሲካ አገር ቤት ስትመጣ ነው ተብሏል።