እጅ ከፍንጅ

የታሪክ መምህሩን ተማሪዎቹ «ካሜራ» ይሉታል። ፈተና ሲፈትን ዓይኑ አያርፍም። በእሱ ፊት የኮረጀ ልጅ እጅ ከፍንጅ ሳይያዝ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን የሚናገረው ራሱ ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ።

የዛን ቀን ጠዋት ግን ካሜራው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ተይዞ ነበር። እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የምትማረው ትንሿ ልጁ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ፈተና አለባት። ከወደቀች ክፍል ትደግማለች። ዳቦዋን እንደያዘች ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ከሦስት አራተኛና ከአምስት ስምንተኛ ማን ይበልጣል?»

«አምስት ስምንተኛ ነዋ! አምስት ከሦስት ይበልጣል፣ ስምንትም ከአራት ይበልጣል። ይሄ ምን ያስጠይቃል?»

እናቷ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አንተዬ፣ ልጄን በቁሟ አትግደላት! የሰው ልጅ ስትጠብቅ ያንተዋን ጓደኞቿ ጥለዋት ሊያልፉ ነው።»

ካሜራው ዳቦውን አስቀመጠ። ልጁን ይወዳታል፤ ስታለቅስ ማየት አይችልም። «የካሜራው ልጅ ወደቀች» ሲባል መስማትማ ጭራሽ አይችልም።

ትምህርት ቤት ሲደርስ ዳይሬክተሩ ወደ ጎን ሳበው።

«ዛሬ የአራተኛ ክፍልን የጠዋት ፈረቃ አንተ ትፈትናለህ። የጠዋቶቹን ከምታስተምረው መምህርት ክፍል በሒሳብ የሚወድቅ ልጅ የለም። ከዓመት ዓመት አንድም የለም!»

«ጤና አይደለም» አለ ካሜራው።

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ሕፃናት ናቸው ብለህ እንዳትዘናጋ። ወረቀቱ ለጠዋቱም ለከሰዓቱም አንድ ነው። አንዳች ነገር ካየህ ቶሎ ንገረኝ፣ የከሰዓቱን በሌላ እቀይረዋለሁ። እሱን የምፈትነው እኔው ራሴ ነኝ።»

ፈተናው ተጀመረ። ካሜራው በሩን ተደግፎ ቆመ። ብዙም አልቆየ፣ የፊት ወንበር ላይ ያለችው፣ ልጆቹ «ካልኩሌተር» የሚሏት ጎበዝ ተማሪ ጆሮዋን ያዝ አደረገችና መልሷን አከበበች። ከኋላዋ ያለው ድንቡሼ ልጅ አፍንጫውን ነካ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት መንትዮች አናታቸውን መታ መታ አደረጉ። አንዱ ደግሞ እንደ ሽማግሌ አገጩን ይዞ ወረቀቱን ያገላብጣል።

ካሜራው ሊጮህ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አናት፣ አገጭ፤ አራት ናቸው። ምርጫዎቹም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አራት! ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር አናት ሀ፣ ጆሮ ለ፣ አፍንጫ ሐ፣ አገጭ መ። ይህ ለሕፃን አይጠፋም፤ የፈጠሩትም ሕፃናት ናቸው።

በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰማያዊ እስክሪብቶውን አወጣና ካልኩሌተርን ይከታተላት ጀመር። ለየጥያቄው አንድ ቦታ ትነካለች፣ እሱ ይጽፋል። ወረቀት ስላልያዘ የጻፈው ግራ መዳፉ ላይ ነው። ፈተናው ሲያልቅ መዳፉ ሞልቶ ነበር፤ ለመዝፈን ትንሽ ነው የቀረው።

ዳይሬክተሩ በረንዳው ላይ ጠበቀው።

«እህሳ? ያየኸው ነገር አለ?»

«ገና እየተከታተልኩ ነው። ነገ የተሟላ ሪፖርት ይደርስዎታል።»

«ወረቀቱን ልቀይረው እንዴ?»

«ኧረ አይልፉ!»

ማስረጃው በእጁ ነበር። ግን ካሜራ ፊልሙ ሳይታጠብ አያሳይም።

በምሳ ሰዓት ትንሿ ልጁ ደብተሯን አቅፋ መጣች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ካሜራው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወሰዳት፤ ምሳዋን ስትጨርስ እጇን በእጁ ይዞ ትንሽ አጫወታት። ከተቀመጠችበት ስትነሳ እየሳቀች ነበር። የአባት ነገር!

«እጄን ታጥቤ ልግባ?»

«ተዪው እማዬ፣ ይረፍድብሻል። የዛሬን መታጠቡ ይቅር።»

እያፏጨ ወደ መምህራን ማረፊያ ገባ። የጠዋቶቹ ልጆች መምህርት ወረቀት ማረም ጀምራለች።

«ጋሼ፣ ልጆቼ እንዴት ነበሩ?»

«ጉደኞች ናቸው! ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አናት፣ አገጭ! እንዲያው ማን አስተማራቸው?»

«እኔ ነኛ!» ብላ ሳቀች።

ካሜራው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዲህ በቀላሉ የሚያምን ሌባ አይቶ አያውቅም።

«ፈተና ሲያዩ ይደነግጡብኛል» አለች መምህርቷ። «የሚያውቁትን ሁሉ ይረሱታል። እኔም ጨዋታ አደረግኩላቸው። ጆሮ፣ ‹ጥያቄውን ደግመህ አንብብ› ነው። አፍንጫ፣ ‹ቀስ ብለህ ተንፍስ›። አናት፣ ‹ከባዱን ዝለለው፣ ኋላ ትመለስበታለህ›። አገጭ ደግሞ፣ ‹ሳትጨርስ መልስህን ፈትሽ›። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«መልሱን... አይነግርም?»

«የምን መልስ? ካልኩሌተርማ ልማድ ሆኖባት ቤቷም ውስጥ ስትነካካ ነው አሉ የምትውለው!» አለችና ቀና ብላ አየችው። «ውይ ጋሼ፣ ፊትዎ አመድ መሰለ። ጠርጥረውን ነበር እንዴ? ምንም አይደል፣ ማንም ይጠረጥራል።»

ካሜራው ተስፈንጥሮ ወደ መስኮቱ ሄደ። በማዶው ክፍል የከሰዓቱ ፈተና ተጀምሯል። ዳይሬክተሩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በወንበሮቹ መሃል ይንጎራደዳል።

ትንሿ ልጁ አባቷን በመስኮቱ አየችውና ደስ ብሏት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሞላ መዳፏን ከፍ አድርጋ አውለበለበችለት።