የተቋጠሩ ክሮች

አቪቭ ቤዝ ጊታሩን እንደ ሌላው ሰው አንግቶ አይጫወትም ነበር፤ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሮቹን በግራ ክንዱ እያፈነ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ ብቻ ይደልቀዋል። ሙዚቀኛው ሁሉ ይገረምበት ነበር።

ከሞተ ወዲህ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ የተሰቀለውን ጊታር ክሮች ሲነካቸው እናቱ ትሁኔ ድምፁን መስማት አልቻለችም። ከሙት ዓመቱ አዝካራ ማግስት አራቱንም ፈትታ፣ በሻሿ ቋጥራ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው።

ዓርብ ቀትር ላይ የታችኛዋ ጎረቤቷ ኤሊሼቫ ደረጃው ላይ አገኘቻት።

«ባሩክ ሃሼም፣ እግዜር ይመስገን፣ እትዬ ትሁኔ! ልክ እንደ አቪቭ የሚጫወት ሰው አገኙ።»

«ክሩን እኮ ፈትቼዋለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ይሄ የምንሰማው ምንድን ነው?»

ትሁኔ ሮጣ ገባች። ጊታሩ ባዶውን ተሰቅሏል፤ ድምፁ የሚመጣው ከመሳቢያው ነው። የሚንቀጠቀጠውን ቋጠሮ አውጥታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ይቅር በለኝ» አለች።

ሞቅ ያለ ክንድ ቋጠሮውን አፍኖ ደረቷ ላይ አረፈ፤ ክሮቹም ጸጥ አሉ።