የስለት አምፖሎች

ሁለተኛው የፊት መብራት ፊውዝም ተቃጠለ። ተሻገር ከሚኒባሱ መሪ ሥር አጎንብሶ፣ ጣቱን እየለበለበው ነቅሎ ጣለው። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ የጉና ጉም ግን መንገዱን ውጦት አስፋልቱና ገደሉ አይለዩም። መብራት ሳያበሩ ቢነዱ ከወዲያ የሚመጣ ከባድ መኪና አያያቸውም። ከንፋስ መውጫ የጫናት ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ምጡ በርትቶባት የእናቷን ነጠላ ነክሳ ታቃስታለች። እናቷ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገና ሩቅ ነው።

የቀረው አንድ ፊውዝ ነበር፤ እሱንም ከጡሩምባው ነው የነቀለው። ሊሰካው ሲል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ሽታውን ተከትሎ በእጁ ሲዳብስ፣ ከፊት መብራቱ መስመር ላይ የተቀጠለች ቀጭን ሽቦ አገኘ። ፕላስቲኳ ተልጦ ብረቱን ነክታለች። ያውቃታል። ራሱ ነው የቀጠላት፤ አምና መኪናው ተገልብጦ እሱ ሳይጫር ሲወጣ፣ መስታወቱ ላይ የለጠፋት የማርያም ሥዕል መብራት እንዳይለያት ተስሎ ትንንሽ አምፖሎች የደረደረላት ጊዜ።

ሰንጢውን አወጣ፤ ግን ሳይቆርጥ ወደ ኋላ ዞረ።

"እማማ፣ ፊውዙን የሚያቃጥለው የእመቤታችን መብራት ነው። ስለት ነው፤ እንዴት ብዬ ልቁረጠው? ያውም ዛሬ፣ እሷን እየተማጸንን!"

እናትየው ቀና ብለው ሥዕሏን አዩ።

"ቁረጠው ልጄ" አሉ። "እሷስ ወልዳ የለም እንዴ?"

ሽቦውን በጠሰና የመጨረሻውን ፊውዝ ሰካ። ሥዕሏ እንደጨለመች ቀረች፤ ከመኪናው ፊት ግን ጉሙ ቢጫ ሆነ።