ጁሀራ የተነሳችው ፎቶግራፍ

ነርሷ ሀይማኖት የምርመራ መብራቷን አጥፍታ ከጁሀራ ፊት ቀና አለች።

"የዓይን ግፊት ነው፣ እማማ። የቀኙ አልፏል፤ አይመለስም። ግራውም ደክሟል፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን። ምነው እስከዛሬ ዘገዩ?"

ጁሀራ ሻሿን አስተካከለች። ከጎኗ የቆሙት ባለቤቷ አቶ ዓብዱልፈታሕ ግን መልሱን ያውቁታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኮምባይነሮቹ የሮቤን ስንዴ አጭደው ሲጨርሱ፣ ባዳሳ የተባለው የቀበሌ መዝጋቢ ለማኅበረሰብ የጤና መድን ቤት ለቤት ይዞር ነበር። አቶ ዓብዱልፈታሕ አጥሩን እንኳ አላሳለፉትም። "መርከበኛና ቤተሰቡ የሚታከሙት በመርከቡ ድርጅት ሐኪም ነው። ይህን ለችግረኛ ውሰድለት" አሉት።

ከመርከብ በጡረታ በወረዱ ዕለት ሕክምናውም አብሮ መቅረቱን የሚያውቁት እሳቸውና ጁሀራ ብቻ ነበሩ። ጁሀራ በእንግዳ ፊት ቃላቸውን አላስተባበለችም። ሐኪም ቤት ብትሄድ ያለ መድን መሆኗ ይታወቃል፤ ስለዚህ አልሄደችም። መቃኑ ግንባሯን በመታት ቁጥር "አምፖሉ ደክሞ ነው" ትል ነበር። እሳቸውም አምፖሉን ይቀይሩ ነበር።

ከምርመራው ወጥተው ወደ መድን ክፍል ገቡ። ከጠረጴዛው ኋላ ያው ባዳሳ ተቀምጧል።

"አካም፣ ባሕረኛው። ዘንድሮ መርከብዎ ሮቤ ላይ መልሕቅ ጣለች?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አጸፋውን አያጡትም ነበር። ከዘራቸውን ጨበጥ አድርገው፣ "መዝግበን፣ ልጄ" አሉ።

ባዳሳ ቀልዱን ትቶ ተነሳ። ወንበር ስቦ ጁሀራን አስቀመጣት። "የሁለታችሁም ፎቶግራፍ ያስፈልጋል" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጁሀራ ከጉያዋ የተቋጠረ መሐረብ አውጥታ በጣቷ እየዳበሰች ፈታችው።

"የእኔስ አለ።"

"መቼ የተነሱት ነው?"

"ያን ጊዜ ነዋ። ልትመዘግበን ትመጣለህ ሲባል ሰምቼ፣ ቀድሜ ተነሳሁ።"

ከዚያም ፎቶግራፉን በግራዋ ወዳለው ባዶ ወንበር ዘረጋች። "ያቀብሉት፣ አባ ሳቢሪን" አለች፣ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ።

አቶ ዓብዱልፈታሕ የቆሙት በቀኟ ነው። ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላዋ ዞረው እጇ በጠቆመበት ቆሙና ተቀበሏት።

በፎቶግራፉ ላይ ጁሀራ ከጅዳ ያመጡላትን አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ሁለት ዓይኖቿን ከፍታ ፊት ለፊት ታያቸዋለች።