የሴቶቹ ክፍል ካሜራ

«ካሜራው እዚህ ይቀራል» አሉ አቶ ማህጁብ፣ ከእጄ ነጥቀው ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። ማስቀመጥ እንኳን አይባልም፤ ወረወሯት። ሌንሷ ከእንጨቱ ጋር ተጋጨች።

ትንሽ ካሜራ ናት። የአሶሳ ባለ ስቱዲዮዎች «የጀማሪ ናት» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ! እነሱ ወንዶች ናቸው፤ በሂና ቀን ሴቶቹ ዘንድ አይገቡም። ክርስቲያንና የሰፋሪ ልጅ ብሆንም፣ ሙሽሮቹ ፀጉራቸውን ገልጠው ሲጨፍሩ የማነሳቸው እኔ ስርጉት ነኝ። «ፎቶ ታወጣለች» ከተባልኩ ግን ከእንግዲህ አንድም እናት በሯን አትከፍትልኝም።

ወሬው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። የሙሽራዋ የሂባ የሂና ቀን ፎቶ፣ ፀጉሯ እንደተገለጠ፣ ቴሌግራም ላይ ሲዞር ተገኘ። የሙሽራው ቤተሰቦችም ሰምተዋል። አጎቷ አቶ ማህጁብ ያስጠሩኝ ለዚህ ነው።

እናቷ እትዬ ማሪያም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ወትሮ «ልጄ» የሚሉኝ ሴትዮ ዛሬ ሰላምታዬን እንኳን አልመለሱም። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሌላ ጊዜ ያስቀኝ ነበር።

«ሴቱ ሁሉ ስልኩን በር ላይ ሰጠኝ» አሉ። «እኔ ራሴ ዘንቢል ውስጥ ሰበሰብኩ። የገባው ያንተ ካሜራ ብቻ ነው። ወላሂ፣ አንተን እንደ ሂባ ነበር የማየው።»

«ሚሞሪውንስ? ጭፈራው እንዳለቀ አውጥቼ እርስዎ እጅ ላይ አላደረግሁም?» አልኩ። ሁልጊዜም የምሠራው እንዲህ ነው። ሚሞሪው ከእናትየው ቤት አይወጣም፤ ፎቶውን የማስተካክለውም እዚያው ቁጭ ብዬ ነው።

«ስልክ ሚሞሪው ቢወጣም ፎቶ ሆዱ ውስጥ ይቀራል» አሉ አቶ ማህጁብ።

«ይቺ ሆድ የላትም! ቀርቶ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ካሜራዋን አብርቼ፣ ካርድ የለም የሚለውን ጽሑፍ አሳየኋቸው። ጽሑፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አላመኑኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። እኔም ብሆን በልቤ አክስቶቿን አንድ በአንድ እየመረመርኩ ነበር። ስልኳን ቀሚሷ ውስጥ ሸጉጣ የገባችው የትኛዋ ትሆን?

«እስቲ ፎቶውን ያሳዩኝ» አልኩ።

«ዓይብ ነው፣ ነውር! የወንድሜ ልጅ አይደለችም እንዴ? እኔስ መች አየሁት? ሲከፈት ፊቴን አዞርኩ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፎቶው ከተማውን ሲያዳርስ እዚህ ቤት ግን ያየው ሰው የለም። እሳቸው ነውር ብለው ፊታቸውን አዙረዋል፤ እትዬ ማሪያም የሰሙት ከእሳቸው አፍ ብቻ ነው። ንድድ አልኩ።

«ሳያዩ ነው እንዴ የፈረዱብኝ? እትዬ ማሪያም ይዩታ! ልጃቸው ናት!»

ከውጭ ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ወደቀና ሦስታችንም ደነገጥን። አቶ ማህጁብ ስልካቸውን ከፈቱ፤ ፊቱን ወደ ታች ደፍተው ለእትዬ ማሪያም ሰጡና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ተንበርክኬ በትከሻቸው በኩል አየሁ። ሂባ እጇን ለሂናው ዘርግታ ትስቃለች። ከጎኗ፣ ጫፉ ላይ፣ አንዲት ሴት በርከክ ብላ ካሜራ ዓይኗ ላይ ለጥፋለች። ያ ቢጫ ሻሽ የኔ ነው፤ ካሜራዋም የኔው ናት። ፎቶውን ያነሳው ሌላ ሰው ነው።

እሰይ! ብዬ ልጮህ ነበር። ግን እትዬ ማሪያም ስልኩን ደረታቸው ላይ ደፉት።

«ለእህቴ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ጅዳ ላለው። ሠርጉ አመለጠው ብዬ አዘንኩ። አንድ ብቻ ላክሁ። እሱ ለሌላ ያሳልፋል አላልኩም።»

በር ላይ ቆመው የሁሉንም ስልክ ሲቀበሉ፣ የእሳቸውን የተቀበለ ማንም አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ያቺን ሴት ባገኛት ፀጉሯን እነጫለሁ ስል ነበር የዋልኩት። አሁን አጠገቤ ናቸው፤ አሳዘኑኝ።

«እ? የሷ ነው አይደል?» አሉ አቶ ማህጁብ፣ ፊታቸውን ለግድግዳው እንደሰጡ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት። ደግ ሆኜ አይደለም። እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ስሜን የሚመልሱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዳይናገሩ ፈራሁ፤ እንዲናገሩም ፈራሁ።

እትዬ ማሪያም ተነሱ። ካሜራዋን በሁለት እጃቸው አንስተው ማንገቻዋን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደው የባላቸውን ወንድም ትከሻ ነካ አደረጉ።

«ማህጁብ፣ ዙር» አሉ። «ያነሳው የኔ ስልክ ነው።»

አቶ ማህጁብ አልዞሩም።