ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

እስከዚያች ከሰዓት ድረስ አሰሳ የሚባለው አገር በቀል የኢንተርኔት መፈለጊያ ንጉሡን ሠና እሳቱን ሰ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች አድርጎ ነበር የሚቆጥራቸው። ኩባንያው አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ክፍል ተጀምሮ አሁን በየሰው ስልክ ገብቷል። የመካነ ሰላም መናኸሪያ ረዳቶች እንኳ አንድ ነገር ጠፋ ሲባል «አሰሳን ጠይቀዋ!» ነው የሚሉት።

መሪጌታ ኒቆዲሞስም ጠይቀውታል፤ ደጋግመው። አጭተውላት የነበረውን ባል አልፈልግም ብላ ከቤት የወጣች ልጃቸውን ስም በአንድ ጣታቸው ይጽፋሉ፦ ሥርጉት። «አልተገኘም» ይላቸዋል።

«የኔታ፣ በእሳቱ ሰ ልሞክረው?» አለች ቀመር። የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከሥርጉት ጋር እሳቸው ዘንድ ፊደል ቆጥራ ዛሬ የአሰሳ መሐንዲስ ሆናለች። ለአረፋ መጥታ ደጃቸው ላይ ከጎናቸው ተቀምጣለች፤ ኮምፒውተሯ ጭኗ ላይ ነው።

«ልጄን በእሳት አትጻፊያት! በንጉሡ ነው ስም ያወጣሁላት።»

«እንግዲያው ሁለቱን እንደ አንድ እንዲያያቸው ላድርገው? ለሙከራ፣ እዚሁ እኔ ኮምፒውተር ላይ።»

«እኔ ዕድሜዬን ስለያቸው ኖሬ አንቺ ልትደባልቂያቸው? የኩባንያችሁንስ ስም በየትኛው ጻፋችሁት?»

«በእሳቱ» አለች እየሳቀች።

«ተቃጥላችኋላ!»

«አብሽሩ የኔታ። እርስዎ የጻፉት እንደጻፉት ይቆያል። አሰሳ ብቻ ነው የሁለቱንም በር የሚያንኳኳው።»

መሪጌታ ቀና ብለው ወደ ገበያው ተመለከቱ። ከዓባይ ሸለቆ የወጣው ጉም ገበያውን ውጦ ወደ አጥሩ እየተሳበ ነው። የባሕር ዛፎቹ ግንድ ጠፍቶ ጫፋቸው ብቻ ተንሳፍፏል። እዚያ ነጭ ውስጥ ፊደሎቹን ያዩ መሰላቸው፤ ሠ እንደ ዘውድ ከዛፎቹ በላይ ተቀምጧል፣ ሰ በሁለት እግሩ ከሥሩ ይሄዳል፤ ሲሄድም የሴት ልጅ አረማመድ አለው።

«አንኳኪ» አሉ።

ቀመር የምትነካካውን ነካክታ ኮምፒውተሩን አዞረችላቸው። ስሙን እንደ ልማዳቸው በንጉሡ ሠ ጻፉት። ጥቂት ቆይቶ መጣ፦ «ስርጉት ልብስ ስፌት፣ ደጎሎ»። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ፎቶም አለ፤ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት በር ላይ ቆማለች። ወፈር ብላለች።

«በእሳቱ ጻፈችው» አሉ፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

ቀመር ቁጥሩን ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«ሃሎ፣ ልብስ ስፌት ነው» አለ የሴት ድምፅ።

«ሥርጉት» አሉ።

ጥሪው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቆየ።